ዲሹ የጣለው ጥላ

ዛሬ ረዘም ይላልና ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ባለፈው ታኅሣሥ እዚህ አቃቂ ጣሪያዬ ላይ ካሉኝ ሁለት የሶላር ፓነሎች በአንዱ ላይ የሳንቲም ስፋት ያለው ቡናማ ነጥብ አየሁ። እጄን ሳስጠጋው እንደ ምጣድ ያቃጥላል። ፓነሎቹን የገዛሁት ለቲቪ አይደለም። ባለቤቴ ኢንሱሊን ትወስዳለች፤ መብራት ሲጠፋ ትንሿን ፍሪጅ የሚያሠሩልን እነሱ ናቸው። በዚያ ሳምንት ባትሪው እኩለ ሌሊት ሳይደርስ እየሞተብን መድኃኒቷን እርጥብ አሸዋ ላይ ባስቀመጥናት የሸክላ ማሰሮ ስናቀዘቅዝ ሰነበትን።

ምክንያቱን ፍለጋ ታሪክ ውስጥ ገባሁ። የድሮ በሽታዬ ነው፣ ታውቁታላችሁ።

እኛ አቃቂዎች ከመብራት ጋር የቆየ ዝምድና አለን። በምኒልክ ዘመን መጨረሻ፣ በ1912 እ.ኤ.አ.፣ በአቃቂ ወንዝ ላይ አነስተኛ የውኃ ኃይል ማመንጫ ተሠራ። ቆይቶ 6.6 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው አባ ሳሙኤል መጣ። እሱም ደለል ሞላው፣ ጥገና አጣ፣ ለአሥርት ዓመታት ቆመ፤ በቅርብ ዓመታት ነው በቻይና ድጋፍ የታደሰው። ውኃው መፍሰሱን መቼ አቆመና? የጠፋው ጠባቂ ነው።

ፀሐይም እንደዚያው ናት። በ1954 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በቤል ላብራቶሪ ቻፒን፣ ፉለርና ፒርሰን የሚባሉ ሦስት ሰዎች የመጀመሪያውን ጥሩ የሲሊከን ሶላር ሴል አሳዩ። ከሚያርፍበት ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው 6 በመቶ ያህሉን ብቻ ነበር። በ1958 እ.ኤ.አ. ቫንጋርድ 1 ሳተላይት ሴሎቹን ይዛ ወደ ጠፈር ወጣች። ከዚያ በኋላ ሳተላይቶች እየገዘፉ ሲሄዱ መሐንዲሶቹን አንድ ነገር አስቸገራቸው፤ የሳተላይቱ የገዛ አንቴና በፓነሉ ላይ ጥላ ይጥላል!

ጥላ ምን ያደርጋል? ክፍል ውስጥ አምፖሎችን በተከታታይ፣ ሲሪስ እንደምንለው፣ ስናገናኝ ትዝ ይላችኋል? አንዱን ስንፈታ ሁሉም ይጠፋል። ፓነልም እንደዚያ ነው። 60 ሴሎች ቢኖሩት እያንዳንዳቸው ግማሽ ቮልት ያህል እየሰጡ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይቆማሉ። አንዷ ጥላ ሲያርፍባት ያን ያህል ከረንት ማሳለፍ ያቅታታል። ሌሎቹ ግን መግፋታቸውን አይተዉም። ያኔ ሴሏ ማመንጨቷን ትታ ኃይል ትበላለች፤ የበላችው ኃይል በሙሉ ሙቀት ይሆናል። የኔ ነጥብ የመጣው ከዚህ ነው።

መፍትሔው ባይፓስ ዳዮድ ነው። በደህናው ጊዜ ተዘግቶ ይቀመጣል፤ ጥላ ሲመጣ ይከፈትና ከረንቱን በጎን ያሳልፈዋል። ባለ 60 ሴል ፓነል ላይ ብዙውን ጊዜ ሦስት ዳዮድ አለ፣ ለየ20ው ሴል አንድ። ስለዚህ አንዷ ሴል ብትጋረድ ሲሶውን ታጣላችሁ እንጂ ፓነሉ አይቃጠልም። ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ አሜሪካኖች ፓነል በብዛት እየገዙ ሜዳ ላይ ሲፈትኑ ይህ ጥበቃ ለምድሩም እንደሚያስፈልግ ተረዱ። በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃም በጥላ የሚመጣን ግለት የሚፈትን ምዕራፍ አካተተ።

አገራችንም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለችም። በ1985 እ.ኤ.አ. በመካከለኛው ኢትዮጵያ በአንድ መንደር 10.5 ኪሎ ዋት ሶላር ተተክሎ ለ300 አባወራዎች ብርሃን ሰጥቷል። በ1989 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለውኃ ፓምፕና ለእህል ወፍጮ እንዲበቃ ወደ 30 ኪሎ ዋት አደገ።

ወደ ጣሪያዬ ልመለስ። ፓነሎቹን ያስተከልኩት ሰኔ ላይ ነው። ሰኔ ላይ ፀሐይ እኛ አገር ቀትር ላይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ ጥላ የሚባል አልነበረም። ታኅሣሥ ላይ ግን ወደ ደቡብ ወረደች፤ በስተደቡብ የቆመው የራሴ የቲቪ ዲሽ ፓነሉ ላይ ጥላውን ጣለ። የሳተላይቶቹ መሐንዲሶች የተቸገሩበትን ነገር እኔ በገዛ እጄ አቃቂ ላይ ደገምኩት! ፓነሉን በጨርቅ ሸፍኜ፣ ከኋላ ያለችውን ሳጥን ከፍቼ በቴስተር ስለካ ደግሞ ከሦስቱ ዳዮዶች አንዱ ተቃጥሎ ተበጥሷል። በጎን የሚያሳልፍ መንገድ አልነበረም ማለት ነው።

ስንት ዓመት ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲሪስ ሰርኪት ስስል የኖርኩ ሰውዬ የራሴን ዲሽ አላየሁም። ሳቁብኝ፣ ግን ጣሪያችሁንም እዩ። ሮቶው፣ ዲሹ፣ የጎረቤት ባሕር ዛፍ ጥላው የት ያርፋል? በሰኔ ብቻ ሳይሆን በታኅሣሥም እዩት። የወፍ ኩስና ቅጠል ጥረጉ። ፀሐይ እያለ ግን ገመድ አትንቀሉ፤ የዲሲ ብልጭታ እሳት ያስነሳል። ካላወቃችሁበት ባለሙያ ጥሩ።

ዳዮዱን ቀየርኩ፣ ዲሹን አዛወርኩ። ፍሪጇ አሁን እስኪነጋ ትሠራለች፤ ባለቤቴም ማሰሮዋን ወደ ወጥ ቤት መልሳለች። ቡናማው ነጥብ ግን የተቃጠለ ነውና አልጠፋም። ጣሪያ በወጣሁ ቁጥር አየዋለሁ።

እናንተ ጋ እንዲህ የገጠመው ካለ ከታች ይጻፍልኝ። መልካም ሰንበት።