አንድ መግለጫ፥ ብዙ ፕሮግራም፤ ስለ ዲስ መልእክቶች አጭር የታሪክ ጥናት

ዳርፓ የተባለው የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ድርጅት በ1983 እ.ኤ.አ. ሲምኔትን ሲጀምር ዓላማው ተራርቀው ያሉትን የታንክ መለማመጃዎች በመረብ አገናኝቶ በአንድ ምናባዊ ሜዳ ማሰለፍ ነበረ። ከዚህ ልምድ የመነጨው ዲስ የተባለው ደንብ በ1993 የአይ ትሪፕል ኢ መለኪያ ሆነ። በደንቡ መሠረት እያንዳንዱ ተሽከርካሪ ስፍራውንና ፍጥነቱን ለሌሎቹ ያሳውቃል፤ የመልእክቱ መሠረታዊ ልክ 144 ባይት ነው። አንድ ባይት ቢዛነፍ ተቀባዩ ታንኩን ከሌለበት ስፍራ ሊያየው ይችላል።

በ2012 እትም የመልእክቱ ዓይነት 72 ደረሰ። ይህን ሁሉ በየፕሮግራም ቋንቋው በእጅ መጻፍ የብራና ገልባጮችን ድካም ያስታውሰናል፤ እያንዳንዱ ገልባጭ የራሱን ስሕተት ይጨምራልና። በሞንተሬይ፥ ካሊፎርንያ፥ የሚገኘው የባሕር ኃይል ድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ያስገኘው ኦፕን ዲስ ሌላ መንገድ ያዘ። መልእክቱ አንድ ጊዜ በኤክስ ኤም ኤል ይገለጻል፤ ከዚያም አንድ አመንጪ ፕሮግራም መግለጫውን አንብቦ የጃቫውንና የሲ ፕላስ ፕላሱን ጽሑፍ ያወጣል። አዲስ መልእክት ሲመጣ በመግለጫው ላይ መጨመር፥ አዲስ ቋንቋ ሲያስፈልግ አመንጪውን ማስፋት ይበቃል።

ይሁን እንጂ አንድ አደጋ እናያለን። መግለጫው ከተሳሳተ ላኪውም ተቀባዩም እኩል ይሳሳታሉ፤ እርስ በርሳቸው ስለሚስማሙም ጉድለቱ በፈተና አይገለጥም። ስለዚህ ከአንድ ምንጭ የወጣ ሥራ ሌላ እጅ ከጻፈው ጋር ሳይመዛዘን ትክክል ነው ሊባል አይገባም እንላለን።