ከገፈርሳ እስከ ማስታጠቢያው

እጅ መታጠብ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ልማድ አይደለም። ገበታ ከመቅረቡ በፊት ከቤቱ ልጆች አንዱ ፎጣ በትከሻው ጣል አድርጎ፣ ኩስኩስት ወይም ማንቆርቆሪያ ይዞ፣ ከታላቅ እስከ ታናሽ ያስታጥባል፤ ከማዕድ በኋላም ይኸው ይደገማል። በዚህ መልካም ሥርዓት የሚፈሰው ውኃ ግን ጥቂት ነው። ጥቂት የሆነውም ሕዝቡ ንጽሕናን ስለናቀ ሳይሆን፣ ውኃው ከምንጭ ወይም ከወንዝ በእንስራ ታዝሎ የሚመጣ ስለ ነበረ ነው። እንግዲህ የእጅ መታጠብ ታሪክ የውኃ ታሪክ ነው፤ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ደግሞ ይህ ታሪክ ገፈርሳን ሳያነሡ ሊነገር አይችልም።

አዲስ አበባ በተቆረቆረችበት ዘመን ሕዝቡ የሚቀዳው ከእንጦጦ ግርጌ ከሚወርዱ ምንጮችና ወንዞች ነበር። በ1880ዎቹ ዓ.ም. የስዊስ ተወላጅ የሆነው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ውኃ በቧንቧ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት እንዲገባ አደረገ። ለብዙኃኑ ግን እንስራው ከሴቶች ጀርባ አልወረደም። በኅዳር 1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ከተማዋን ሲመታ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንንም ታመው ተረፉ። የበሽታው ቫይረስ በዚያ ጊዜ ገና አልታወቀም ነበር። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተሰብስቦ የሚቃጠልበት «ኅዳር ሲታጠን» የዚያ መከራ መታሰቢያ ሆኖ ቀርቷል። ልማዱ ሕዝቡ በሽታንና ቆሻሻን አያይዞ ማየቱን ይመሰክራል፤ ጢስ ግን የውኃን ሥራ ሊሠራ አይችልም።

ገፈርሳ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ፣ በቡራዩ አጠገብ ይገኛል። በትንሹ አቃቂ ወንዝ ራስጌ በ1930ዎቹ ዓ.ም. የተሠራው ግድብ የክረምቱን ዝናብ አጠራቅሞ ለበጋ ያቆያል። ቦታው ከከተማዋ ከፍ ያለ በመሆኑ ውኃው በራሱ ክብደት ቁልቁል ይወርዳል። የማጣሪያ ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ ሲጀምር አቅሙ በቀን 30,000 ሜትር ኩብ ነበር። በእንዲህ ዓይነቱ ጣቢያ ውኃው አሉሚኒየም ሰልፌት ሲጨመርበት ጭቃው ተሰባስቦ ይዘቅጣል፤ የቀረው በአሸዋ ይጣራል፤ በመጨረሻም ክሎሪን ይገባበታል። እ.ኤ.አ. በ1847 በቪየና ሆስፒታል ኢግናስ ሰመልቫይስ፣ ሐኪሞች ወላዶችን ከመመርመራቸው በፊት እጃቸውን እንዲታጠቡበት ያዘዘው ክሎሪን ያለበትን የኖራ ውሕድ ነበር። ትእዛዙ ሲፈጸም የወላዶች ሞት እጅግ ቀነሰ። ስለዚህ ሐኪሙ በእጅ ላይ የጀመረውን ሥራ መሐንዲሱ በቧንቧ ውስጥ ቀጠለው ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ የውኃ ጥራት ብቻውን አይበቃም። ጊልበርት ዋይት፣ ዴቪድ ብራድሊና አን ዋይት በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ያደረጉትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1972 ሲያሳትሙ፣ በተበከለ ውኃ የሚመጡ በሽታዎችን በመታጠቢያ ውኃ እጥረት ከሚስፋፉት ለይተው አሳዩ። ትራኮማና እከክ ከሁለተኛው ወገን ናቸው፤ ብዙው የተቅማጥ በሽታም በሁለቱም መንገድ ይተላለፋል። ነገሩን በቁጥር ማየት ይቻላል። አምስት ነፍስ ያለበት ቤት በቀን 20 ሊትር የሚይዙ ሁለት እንስራዎች ቢያስቀዳ ለእያንዳንዱ ሰው 8 ሊትር ይደርሳል። እያንዳንዱ በቀን አምስት ጊዜ፣ በየጊዜው በግማሽ ሊትር ቢታጠብ 2 ሊትር ተኩል ያጠፋል፤ ይህም ከድርሻው ሲሶ ሊሆን ጥቂት የቀረው ነው። የሚጠጣው፣ የሚበስልበትና ልብስ የሚታጠብበት ከቀሪው ነው። ይህን የምታሰላ እናት ከመጸዳጃ መልስና ሊጥ ከመነካቱ በፊት የሚያስፈልገውን መታጠብ ብትተወው ባለማወቋ አይደለም። በአንጻሩ 30,000 ሜትር ኩብ ለ500,000 ሰው ቢታደል ለያንዳንዱ 60 ሊትር ይሆናል። ሳሙናም ቦታውን የሚያገኘው ያን ጊዜ ነው።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮቪድ ወደ አገራችን ሲገባ በየሕንፃው በር ቧንቧ የተገጠመላቸው በርሜሎች ቆሙ። ምክሩ ለሁሉም እኩል ደረሰ፤ ውኃው ግን በፈረቃ ለሚያገኘውና ከሩቅ ለሚያስቀዳው እኩል አልደረሰም።

ገፈርሳ አሁን ሌላ ጥያቄ ያቀርባል። ግድቡ ሲሠራ በዙሪያው የነበረው እርሻና ግጦሽ ነበር፤ ዛሬ ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ ከዋና ከተማዋ ጋር የሚጎራበቱ የከተማ አካባቢዎች ሆነዋል። ከሐይቁ በላይ የሚቆፈር መጸዳጃና የሚጣል ቆሻሻ ከዝናቡ ጋር ወደ ሐይቁ ይወርዳል። በመሆኑም የራስጌው ሰው ንጽሕና የግርጌው ሰው ጤና ነው። የከተማዋን ውኃ እንዲጠብቅ የሚጠየቀው የራስጌ ነዋሪም ራሱ የሚታጠብበትን ሊያገኝ ይገባዋል፤ አለዚያ «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው ተረት በእርሱ ላይ ይፈጸማል። መሐንዲስም የቧንቧ መስመር ሲነድፍ ሥራው የሚያበቃው ከማጠራቀሚያው ጋን ሳይሆን ከማስታጠቢያው ዘንድ መሆኑን ማስታወስ ይኖርበታል።