ድንቅነሽ በሲኒማ

ሲኒማ ከሊቃውንት ምርምር ብዙ ይበደራል፤ የተበደረውን ግን ሁልጊዜ እንዳለ አይመልስም። ለዚህ ምስክራችን ድንቅነሽ ናት። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል የቆየ ዐፅሟን በአፋር፣ በሐዳር አገኙ፤ «ሉሲ» ተብላም በዓለም ታወቀች። በ2006 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ሉክ ቤሶን በዚሁ ስም ባወጣው ፊልም ድንቅነሽ ከወንዝ ዳር ውሃ ስትጠጣ ትታያለች። በዚያው ፊልም አንድ ፕሮፌሰር፣ ሰው ከአእምሮው የሚሠራበት 10 በመቶውን ብቻ ነው ብሎ ያስተምራል። የፊተኛው ከእውነተኛ ግኝት የተቀዳ ነው፤ የኋለኛውን ግን የአእምሮ ሊቃውንት ሐሰት መሆኑን አረጋግጠዋል። ተመልካች ሁለቱን በእኩል እምነት እንዳይቀበል ያሠጋል። ስለዚህ በቱሉ ዲምቱም ሆነ በሌላ ስፍራ ያለ መምህር ተማሪዎቹን ከሲኒማ አይከልክል፤ ዐፅሙን ከተረቱ መለየት ግን ያስተምራቸው።