ድልድል

«ደለደለ» የሚለው ግስ ወጣ ገባውን ምድር ማስተካከልንም ሰውንና ሀብትን በየስፍራው መመደብንም የሚያመለክት ሲሆን፣ በሒሳብ ዐዋቂዎች ዘንድ «የወጪ ድልድል» የተባለ እንደ ሆነ፣ ለአንድ ክፍል ብቻ ያልወጣውን፣ ነገር ግን ክፍሎች ሁሉ የተጠቀሙበትን ገንዘብ በርቱዕ መሥፈርት ለየክፍሉ ማካፈል ማለት ነው።

በአጅባር ከተማም ሆነ በመካነ ሰላም ከተማ፣ በአዋጅ ቁጥር 985/2009 የሚተዳደር አንድ ሁለገብ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ማዳበሪያ የሚያከፋፍል፣ እህል የሚነግድና የወፍጮ አገልግሎት የሚሰጥ ቢሆን፣ የወፍጮው ናፍጣ የወፍጮው ዕዳ መሆኑ ግልጽ ነው፤ የዘበኛውና የሒሳብ ሠራተኛው ደመወዝስ የማን ነው?

እንደ ሽያጩ መጠን ይካፈል የሚለው ፍርድ ቀሊል ቢመስልም ዐመፃ አለበት። የጋራው ወጪ 120,000 ብር፣ የማዳበሪያው ሽያጭም ከጠቅላላው 80 በመቶ ነው እንበል፤ ያ ክፍል 96,000 ብር ይሸከማል፤ የማዳበሪያ ትርፍ ግን በየኩንታሉ እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ ገበሬውን በእውነት የሚያገለግለው ክፍል ከሳሪ መስሎ ይታያል፣ ወፍጮውም ባላፈራው ትርፍ ይመካል። ስለዚህ ዘበኛው በመጋዘኑ ስፋት፣ ሒሳብ ሠራተኛው በሚመዘግበው ሰነድ ብዛት ይደልደል። የሥራ አስኪያጁን ደመወዝ የመሰለው፣ መስፈሪያ የማይገኝለት ወጪ ግን በግድ ከሚከፋፈል ለብቻው ቢጻፍ ይሻላል።

የማኅበር አባላት ሆይ፣ መሥፈርቱን ትርፉ ከታወቀ በኋላ ሳይሆን የሒሳብ ዘመኑ ሳይብት በጠቅላላ ጉባኤ ወስናችሁ በቃለ ጉባኤ አስፍሩት።