የግራው ወንበር

የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 1946 በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ባደረገ ጊዜ፣ ኢትዮጵያዊነቱ ከስሙና ከሰንደቅ ዓላማው ብዙም አያልፍም ነበር። አብራሪዎቹ፣ የጥገና ባለሙያዎቹ፣ የሒሳብ ሹሞቹና ሥራ አስኪያጁ አሜሪካውያን ነበሩ። ባለፈው ዓመት ከአሜሪካው ቲ.ደብሊው.ኤ. ጋር የተፈረመው ውል አስተዳደሩን ለኩባንያው ሰጥቶታል። የታሰበው ግን ሥራው ውሎ አድሮ በኢትዮጵያውያን እጅ እንዲገባ ነበር።

ይህም አሜሪካውያኑን አለቆች እንግዳ ግዴታ ውስጥ አስገባቸው፦ የሚተካቸውን ሰው ራሳቸው ማብቃት። ሙያውን ለተማሪው እያሳየ የመጨረሻዋን ብልሃት ለራሱ የሚያስቀር ባለሙያ በየትም አገር አይጠፋም፤ እንጀራው ነውና አይፈረድበትም ይሆናል።

በአብራሪዎች ክፍል ውስጥ ግን መደበቅ አይቻልም። ካፒቴኑ በግራ፣ ረዳቱ በቀኝ ይቀመጣሉ፤ መሪው በሁለቱም ፊት አለ። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጠው በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ፣ አውሮፕላኑ ለመነሣት ረዥም መንደርደሪያ ይፈልጋል፤ ሞተሩም እንደ ቆላው አይጎትትም። ይህን በቃል ማስረዳት ብቻውን አይበቃም። ካፒቴኑ መሪውን ለረዳቱ ለቅቆ፣ የገዛ እጁን ከመሪው ሳያርቅ መጠበቅ አለበት። ቀድሞ ቢነጥቀው የሠልጣኙን ልብ ይሰብራል፤ ቢዘገይ ደግሞ አውሮፕላኑን ይሰብራል። አለቅነት ከዚህ የበለጠ ራቁቱን የሚታይበት ቦታ ብዙ የለም። በጥገናው ክፍልም ቢሆን ሠልጣኙ የሚናፍቀው ከምስጋና ይልቅ ፊርማን ነው፤ የተጠገነ አውሮፕላን ሥልጣን ያለው ሰው ሳይፈርምለት አይበርምና።

እ.ኤ.አ. በ1957 ዓለማየሁ አበበ በካፒቴንነት በግራው ወንበር ተቀመጡ። ከመጀመሪያው በረራ 11 ዓመታት ማለፋቸው ነው፤ ከሙያው ክብደት አንጻር ሲታይ የተጋነነ አይደለም። የሚያስገርመው የሌላው ወንበር ነገር ነው። ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ የሆኑት እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፤ 14 ዓመታት ዘግይቶ ማለት ነው። ተሳፋሪዎችን ተሸክሞ ተራራ ለሚሻገር ኢትዮጵያዊ የተሰጠው እምነት፣ ጠረጴዛ ጀርባ ለሚቀመጠው ለመድረስ ይህን ያህል ጊዜ ወሰደበት።

ምክንያቱን መገመት አያዳግትም። የአብራሪ ብቃት አውሮፕላኑ ባረፈ ቁጥር ይለካል፤ ገምጋሚው ሊክደው አይችልም። የሥራ አስኪያጅ ብቃት ግን በአለቃው ግምት ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ «ገና አልበሰለም» የሚለው ቃልም ማስረጃ አይጠየቅበትም። በዚያ ላይ ለተተኪው ቀን ያልቆረጠ አለቃ ሥልጠናውን ያለ ማብቂያ ሊያራዝመው ይችላል፤ ሠልጣኙም ወንበሩ መቼም እንደማይለቀቅለት የገባው ዕለት መጣሩን ይተዋል።

እ.ኤ.አ. በ1970 የቲ.ደብሊው.ኤ. ድርሻ ከአስተዳዳሪነት ወደ አማካሪነት ዝቅ አለ፤ በ1975 ደግሞ ውሉ አበቃ። ጊዜው ክፉ ነበር፤ ዙፋኑ ከወደቀ ብዙም አልቆየም፣ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ይታመስ ነበር። አሜሪካውያኑ ሲሰናበቱ ግን አውሮፕላኖቹን የሚያበርም፣ ጥገናቸውን መርምሮ የሚፈርምም ሰው ነበረ።