አደይ አበባን፣ ኑግንና መጭን ከሚመስሏቸው ዕፅዋት ለይቶ ማወቂያ

ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ኅዳር ድረስ የኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ አካባቢዎች በቢጫ አበቦች ይሸፈናሉ። አበቦቹ ከሩቅ ሲታዩ አንድ ስለሚመስሉ በዕለት ተዕለት ንግግር አብዛኞቹ «አደይ አበባ» ተብለው ይጠራሉ። ይሁን እንጂ ከእነዚህ መካከል አንዱ ዘመን መለወጫን የሚያበስር የዱር አበባ፣ ሌላው የዘይት ሰብል፣ ሦስተኛው ደግሞ በዚሁ ሰብል መካከል የሚበቅል አረም ነው። በጓሮ የሚተከለው ኮስሞስ አደይ አበባን ይመስላል። ገና በቡቃያነቱ ከአደይና ከኮስሞስ ጋር የሚምታታው ፓርቲኒየም ግን ለሰብል፣ ለእንስሳትና ለሰው ጤና ጎጂ ነው። ይህ መረጃ አርሶ አደሮች፣ ንብ አናቢዎችና የጓሮ አትክልት ባለቤቶች እነዚህን ዕፅዋት በቀላሉ የሚለዩባቸውን ምልክቶች ያቀርባል።

የአበባው ቀለም ለምን በቂ አይደለም?

ከላይ የተጠቀሱት ዕፅዋት ሁሉ የሱፍ አበባ ቤተሰብ ናቸው። በዚህ ቤተሰብ አንድ አበባ መስሎ የሚታየው በእርግጥ ብዙ ጥቃቅን አበቦች ተሰብስበው የፈጠሩት ራስ ነው፤ ዙሪያውን የከበቡት ቢጫ ቅጠል መሰል አካላትም እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ናቸው። በመሆኑም ቢጫነቱን ወይም የዙሪያ ቅጠሎቹን ብዛት ብቻ ማየት ወደ ተሳሳተ መደምደሚያ ሊያደርስ ይችላል። መታየት ያለባቸው ሦስት ነገሮች ሲሆኑ እነርሱም የግንዱ ቅጠል፣ የአበባው ራስ ከበስተጀርባው ሲገለበጥ የሚታየው አረንጓዴ መቀፎ እና የበሰለው ፍሬ ናቸው።

የአካባቢ ስሞችም ይረዳሉ፤ በአፋን ኦሮሞ አደይ «ኬሎ»፣ መጭ «ቱፎ» ይባላሉ። ነገር ግን አንድ ስም ከቦታ ቦታ ለተለያዩ ዕፅዋት ስለሚሰጥ ስምን ብቻ ይዞ ዘር መግዛት ወይም መሸጥ አይመከርም።

አደይ አበባ

በዚህ ስም የሚጠሩት በዋነኛነት ቢደንስ በተባለው ወገን የሚመደቡ ዝርያዎች ሲሆኑ ቢደንስ ማክሮፕቴራና ቢደንስ ፓኪሎማ በስፋት ይታወቃሉ። ዋናው መለያቸው ቅጠላቸው ነው። የአደይ ቅጠል እስከ መሐል አጥንቱ ድረስ ተሰነጣጥቆ የተበጣጠሰ መልክ ያለው ሲሆን አጭር እጀታም አለው። ፍሬው ጠፍጣፋ ነው፤ «ማክሮፕቴራ» የሚለው ሳይንሳዊ ስም «ባለ ትልቅ ክንፍ» ማለት ሲሆን በፍሬው ጠርዝ ላይ ያለውን ስስ ክንፍ ያመለክታል።

ኑግና መጭ

በእነዚህ ሁለቱ መካከል ያለው መመሳሰል ከሁሉም የጠበቀ ነው፤ ስህተቱም በአርሶ አደሩ ገቢ ላይ የሚታይ ነው። ኑግ (ጉይዞቲያ አቢሲኒካ) በሰኔና በሐምሌ ተዘርቶ በመስከረምና በጥቅምት የሚያብብ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ የሚሰበሰብ የዘይት ሰብል ነው። መጭ (ጉይዞቲያ ስካብራ) ደግሞ የኑግ የቅርብ ዘመድ የሆነ የዱር ተክል ነው። ከመጭ ንዑስ ዝርያዎች አንዱ በየዓመቱ ከዘር የሚበቅል የእርሻ አረም ሲሆን ሌላው ከሥሩ እያቆጠቆጠ ለዓመታት ይቆያል።

ሁለቱም ከአደይ የሚለዩት ቅጠላቸው ያልተሰነጣጠቀ፣ ረዘም ያለና እጀታ የሌለው በመሆኑ ነው። ቅጠሉ በቀጥታ ከግንዱ ጋር ይጣበቃል። የአበባቸው ራስ ሲገለበጥም አምስት ሰፋፊ አረንጓዴ ቅጠሎች ይታያሉ፤ የአደይ መቀፎ ግን ቀጫጭን በሆኑ ቅጠሎች የተከበበ ነው።

ኑግን ከመጭ ለመለየት ከዓይን ይልቅ እጅ ይሻላል። የመጭ ቅጠልና ግንድ ሲዳሰስ ይሻክራል፤ «ስካብራ» የሚለው የላቲን ቃል ትርጉሙ ከነድምፁ «ሻካራ» ወደሚለው የአማርኛ ቃል የቀረበ በመሆኑ ለማስታወስ አይከብድም። የኑግ ቅጠል ለስላሳ ነው። ሲበስሉ ደግሞ ፍሬያቸው ይለያያል፤ የኑግ ፍሬ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ሆኖ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ የመጭ ፍሬ ከዚህ ያነሰና የቀጨጨ ነው።

ፍሬው እስኪታይ መጠበቅ ግን ጉዳቱን ያከብዳል። የመጭ ፍሬ እንደበሰለ በቀላሉ ስለሚረግፍ በሚቀጥለው ክረምት በዚያው ማሳ ተመልሶ ይበቅላል። ሳይረግፍ የቀረውም ከኑጉ ጋር አብሮ ታጭዶ ይወቃል፤ «ከኑግ የተገኘሽ ሰሊጥ አብረሽ ተወቀጪ» እንደሚባለው ከሰብሉ ጋር ወደ ጎተራና ወደ ገበያ ይገባል። በወንፊት ሙሉ በሙሉ ለመለየትም ያስቸግራል፤ በደንብ ያልሞላ የኑግ ፍሬ ከመጭ ፍሬ ጋር መጠኑ ይቀራረባልና።

ለዘር የሚሆን ኑግ የሚያመርቱ አርሶ አደሮች ይበልጥ ሊጠነቀቁ ይገባል። ኑግ በራሱ ብናኝ ፍሬ የማይዝ በመሆኑ ከሌላ ተክል ብናኝ የሚያመጡለት ንቦች ያስፈልጉታል። እነዚሁ ንቦች የመጭንም ብናኝ ይዘው ይመጣሉ፤ ሁለቱ ዕፅዋት ደግሞ ሊዳቀሉ ይችላሉ። ስለሆነም ፎገራ-1፣ እስቴ-1፣ ኩዩና ሻምቡ-1ን የመሳሰሉ የተሻሻሉ ዝርያዎችን ለዘር የሚያባዛ አምራች በማሳው ውስጥና ዳር ያለውን መጭ ከማበቡ በፊት እየዳሰሰ ሊነቅል ይገባል።

ይህ ማለት መጭ ከየቦታው ይጥፋ ማለት አይደለም። መጭና አደይ በጥቅምትና በኅዳር ለሚቆረጠው ማር ዋነኛ የንብ ቀሰም ናቸው። ከኑግ ማሳ ርቆ በግጦሽ ዳርና በረግረግ ቦታ የሚገኘውን መጭ መንቀል ንብ አናቢውን ከመጉዳት በቀር ጥቅም የለውም።

ኮስሞስና ጭጎጎት

ኮስሞስ መገኛው ሜክሲኮ የሆነ የጓሮ አበባ ነው። ቢጫና ብርቱካናማ ዝርያው በተሰነጣጠቀው ቅጠሉ ምክንያት አደይን ይመስላል፤ ፍሬው ግን እንደ መርፌ ቀጭንና ረጅም ምንቃር ያለው ነው። ውኃ ካገኘ ከመስከረም ውጪም ያብባል። በልብስ ላይ የሚጣበቀው ጭጎጎት (የሰይጣን መርፌ) የአደይ የሥጋ ዘመድ ቢሆንም ፍሬው ጫፉ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ሹል እሾሆች ስላሉት ወዲያው ይታወቃል።

ልዩ ጥንቃቄ የሚያሻው ፓርቲኒየም

ፓርቲኒየም በአንዳንድ አካባቢዎች ቅንጨ አረም ይባላል፤ በአፋን ኦሮሞ ደግሞ ፋራምሲሳ። መገኛው የአሜሪካ አህጉር ሲሆን በኢትዮጵያ መስፋፋት የጀመረው እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ ነው። ሲያብብ አበባው ጥቃቅንና ነጭ ስለሆነ ከአደይ ጋር አይምታታም። ችግሩ የሚፈጠረው በሰኔና በሐምሌ ነው፤ በዚህ ጊዜ የተሰነጣጠቀ ቅጠሉን ያዩ ሰዎች አደይ ወይም ኮስሞስ መስሏቸው በጓሯቸው ይተዉታል። አንድ ተክል ከ10 ሺህ በላይ ዘር ሊያፈራ ስለሚችል የአንድ ክረምት ቸልታ ለብዙ ዓመታት ዋጋ ያስከፍላል።

በዚህ ዕድሜው የሚለየው በቅጠሉ አሰላለፍ ነው። የአደይና የኮስሞስ ቅጠሎች ግንዱ ላይ ፊት ለፊት ጥንድ ጥንድ ሆነው ይወጣሉ። የፓርቲኒየም ቅጠሎች ግን መጀመሪያ መሬት ላይ ክብ ሠርተው ይነጠፋሉ፤ ግንዱ ሲያድግም አንድ በአንድ እየተፈራረቁ ይበቅላሉ።

ፓርቲኒየም በባዶ እጅ መነካት የለበትም፤ የቆዳ ማሳከክና ቁስለት፣ ብናኙም አስም መሰል የመተንፈስ ችግር ሊያስከትል ይችላል። የበሉት ላሞች ወተት ይመራል። ጓንት አድርጎና አፍና አፍንጫን ሸፍኖ ከማበቡ በፊት ከነሥሩ መንቀል ይገባል። ያበበውን ነቅሎ መንገድ ዳር መጣል ዘሩን ማሰራጨት ስለሆነ እዚያው ማቃጠል ወይም በጥልቀት መቅበር ያስፈልጋል።

ናሙና ስለማቅረብ

በምልክቶቹ መለየት ያልቻለ ማንኛውም ሰው ናሙናውን በአቅራቢያው ለሚገኝ የቀበሌ ግብርና ጽሕፈት ቤት ወይም ለልማት ጣቢያ ባለሙያ ማሳየት ይችላል። አበባውን ብቻ ቆርጦ ማምጣት በቂ አይደለም፤ ሥር፣ ቢያንስ ሁለት ጥንድ ቅጠል ያለው ግንድ፣ አበባና ከተገኘም ፍሬ ሊኖረው ይገባል። ናሙናው በጋዜጣ መካከል ተዘርግቶና ተጭኖ ይቀመጣል፤ በላስቲክ ከተቋጠረ ይሻግታል። የተገኘበት ቦታና ቀን በወረቀት ተጽፎ አብሮ መያያዝ አለበት። ፓርቲኒየም ነው ተብሎ የሚጠረጠር ያበበ ተክል ግን ከቦታው ሳይንቀሳቀስ በስልክ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ቢቀርብ ይመረጣል።