የኢሜይል ማስታወቂያ እና ሕጉ፦ ነጋዴዎች ከመላካቸው በፊት ሊያውቁት የሚገባ

ቢቸና የምሥራቅ ጎጃም ዞን የእነማይ ወረዳ ዋና ከተማ ስትኾን አካባቢው በጤፍ ምርቱ ይታወቃል። በገበያ ቀን ሸማቹ ጤፉን ዘግኖ፣ አይቶ እና ዋጋ ተከራክሮ ይገዛል። አዲስ አበባ ያለው ሆቴል ወይም በውጭ ሀገር ኾኖ ለቤተሰቡ የሚያዝ ደንበኛ ግን ይህ ዕድል የለውም። ለእንዲህ ዓይነቱ ደንበኛ የምርቱን ዓይነት እና ዋጋ በጽሑፍ እና በምስል ለማድረስ ኢሜይል ወጭው አነስተኛ የኾነ መንገድ ነው።

መንገዱ ቀላል ቢኾንም ያለገደብ የተፈቀደ አይደለም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 15 ምርት ወይም አገልግሎት ለማስተዋወቅ ወይም ለመሸጥ በማሰብ ያለተቀባዩ ቅድመ ፈቃድ በኢሜይል ወይም በተመሳሳይ የኮምፒዩተር አድራሻ ማስታወቂያ ማሰራጨትን ወንጀል አድርጎ ደንግጓል። ቅጣቱ ከሦስት ዓመት የማይበልጥ ቀላል እስራት እና ከ30 ሺህ ብር የማይበልጥ መቀጮ ነው። ድርጊቱ ከባድ ሲኾን እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት እና እስከ 50 ሺህ ብር መቀጮ ያስከትላል።

አንቀጹ የማያስቀጡ ኹኔታዎችንም አስቀምጧል። ከእነዚህም መካከል የተቀባዩ ቅድመ ፈቃድ መኖሩ፤ እንዲሁም መልእክቱ የላኪውን ትክክለኛ ማንነት እና አድራሻ፣ ተቀባዩም ተጨማሪ ማስታወቂያ እንዳይደርሰው የሚያደርግበትን ቀላል መንገድ መያዙ ይገኙበታል። ለነጋዴው የሚበጀው ሁሉንም አሟልቶ መገኘት ነው።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የደንበኞችን አድራሻ አያያዝ ይመለከታል። ለአንድ ዓላማ የተሰበሰበ መረጃ ለሌላ ዓላማ እንዳይውል ይጠይቃል፤ የተሰጠ ፈቃድም ሊነሳ ይችላል። አፈጻጸሙን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በመኾኑም ለደረሰኝ ሲባል የተመዘገበን የደንበኛ አድራሻ ሳያስፈቅዱ ለማስታወቂያ ማዋል ወይም ለሌላ ነጋዴ መሸጥ አደጋ አለው።

ደንበኛው በውጭ ሀገር ሲኾን የዚያ ሀገር ሕግም ይታሰባል። በአሜሪካ በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ አንድ ተቀባይ "አትላኩልኝ" ካለ ጥያቄው በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲፈጸም ያዝዛል። የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ደንብም በኅብረቱ ላሉ ሰዎች ዕቃ የሚያቀርብን ድርጅት፣ መቀመጫው ሌላ ሀገር ቢኾንም ይመለከታል።

በተግባር ነጋዴው ሊወስዳቸው የሚገቡ ጥንቃቄዎች የሚከተሉት ናቸው፦

• ማስታወቂያ እንዲደርሰው የፈቀደ ደንበኛን ብቻ መመዝገብ፤ የፈቀደበትን ቀንም በመዝገብ መያዝ፤
• የድርጅቱን ስም፣ አድራሻ እና ስልክ በእያንዳንዱ መልእክት ላይ ማስፈር፤
• ርዕሱን ከይዘቱ ጋር ማጣጣም፤ የሌለ ቅናሽ አለመጻፍ፤
• ለብዙ ሰው ሲላክ ተቀባዮች አንዱ የሌላውን አድራሻ እንዳያይ ማድረግ፤
• መልእክቱ እንዲቆምለት የጠየቀን ሰው ሳይዘገዩ ከዝርዝሩ ማውጣት።

ሕጉ ባይኖር እንኳ ያልተፈለገ መልእክት ላኪውን ይጎዳል። ተቀባዮች "አይፈለጌ" እያሉ ምልክት ያደረጉበት ላኪ፣ ቀጣይ መልእክቶቹ ወደ አይፈለጌ ማኅደር ይገባሉ፤ በፈቃዱ የተመዘገበው ደንበኛም ሳያያቸው ይቀራል።

በገበያ ላይ የጎደለ ሚዛን ደንበኛን እንደሚያሸሽ ሁሉ ያለፈቃድ የተላከ ማስታወቂያም እንዲሁ ነው። ሃያ የፈቀዱ ደንበኞች የሰፈሩበት መዝገብ፣ ያልፈቀዱ ሺዎች ከሞሉበት ዝርዝር ይልቅ ለነጋዴው ይጠቅማል።